ጥናት ወደ ሰፈር የሚመለስበት ገንዘብ

በአዲስ አበባ ዳር ባለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የሚኖር ሰው መጠይቅ ያውቃል። ወረቀት የያዘ ወጣት በር ያንኳኳል። «እማማ፣ ሀያ ደቂቃ ብቻ ላስቸግርዎ» ይላል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ለታክሲ በወር ስንት ያወጣሉ? ከዚህ በፊት የት ሰፈር ነበሩ? ትንሽ እልፍ ብሎ ደግሞ የቀድሞ ገበሬዎችን ያገኛል። እነሱን ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቦታ ይጠይቃቸዋል። ቡና ይቀርብለታል፣ ይጽፋል፣ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ በሬን ያንኳኩትን ቆጥሬ አላውቅም። ውጤቱን ይዞ የተመለሰ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለመጠየቂያው በጀት ነበረው፤ ለመመለሻው አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መመለሻ ገንዘብ ነው።

ምንነቱ

የማህበራዊ ሳይንስና የሰብዓዊ ጥናቶች ውጤት ከተመራማሪዎች ክበብ ወጥቶ ለሰፊው ሕዝብ እንዲደርስ የሚሰጥ ድጋፍ አለ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮፖዛል ላይ «የምርምር ውጤት ስርጭት» ተብሎ ይጻፋል። በንግግር ብዙው ሰው «ዲሴሚኔሽን» ይለዋል። ገንዘቡ አዲስ ጥናት አያሠራም። የተሠራውን ወደ ሬዲዮ ፕሮግራም፣ ወደ ኤግዚቢሽን፣ ወደ ትንሽ መጽሐፍ ወይም ወደ ሰፈር ውይይት ይለውጣል።

የግብርና ተመራማሪ ጥሩ ዘር ቢያገኝ ዘሩ ራሱ ገበያ ይወጣል። ገበሬው ጽሑፉን ባያነብም ይዘራዋል። የታሪክ፣ የሶሲዮሎጂ፣ የቋንቋ ወይም የአንትሮፖሎጂ ጥናት ግን ውጤቱ ቃል ነው። ካልተነገረ ለሕዝቡ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እኔ እንደሚመስለኝ በእነዚህ ሙያዎች ማሰራጨት የጥናቱ ግማሽ አካል ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ይሰጡታል?

በዝርዝር ማየት የሚጠቅመው የካናዳው ነው። የካናዳ የማህበራዊ ሳይንስና የሰብዓዊ ጥናቶች ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው። ከሚሰጣቸው ድጋፎች አንዱ «ኮኔክሽን ግራንት» ይባላል። ለውይይት መድረክና ለጉባኤ ከ7,000 እስከ 25,000 የካናዳ ዶላር ይሰጣል። እንደ ኤግዚቢሽን፣ ፊልምና ድረ ገጽ ላሉ ሥራዎች ደግሞ እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል። የሚቆየው አንድ ዓመት ነው። ማመልከቻው በዓመት 4 ጊዜ ይከፈታል። ዋናው አመልካች ከካናዳ ተቋም መሆን አለበት። የሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በተባባሪነት መግባት ይችላል።

እኔን የሳበኝ አንድ ደንቡ ነው። አመልካቹ ከጠየቀው ገንዘብ ግማሹን የሚያህል ድጋፍ ከሌላ ወገን ማምጣት አለበት። ድጋፉ የግድ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አዳራሽ፣ ዕቃ፣ የሰው ጉልበትና ሰዓት በዋጋ ተገምቶ ይቆጠራል። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እድራችን ስመጣ እመለስበታለሁ።

እንግሊዞች ጉዳዩን በሁለት በኩል ይዘውታል። አንደኛው ፌስቲቫል ነው። የኢኮኖሚና የማህበራዊ ምርምር ምክር ቤታቸው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የማህበራዊ ሳይንስ ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ለሰብዓዊ ጥናቶች ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. «ቢይንግ ሂውማን» የተባለው ፌስቲቫል ተጀመረ። የሚመራው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪዎች አነስተኛ ድጋፍ ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ቡና ቤት ይወጣሉ። ሁለተኛው መንገድ ጠንከር ይላል። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር በጀት የሚከፋፈሉበት አገራዊ ግምገማ አላቸው። በ2014ቱ ግምገማ ጥናቱ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያመጣው ለውጥ 20 በመቶ ነጥብ ያዘ። በ2021 ወደ 25 በመቶ አደገ። በጀት ሲነካ ማንም ዲን አይተኛም።

ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የሰብዓዊና የማህበራዊ ሳይንስ ተቋም መነሳት ይገባዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቋቋመ። ከመጻሕፍት ጎን ለጎን የፈጠራና የዲጂታል ሥራዎችንም ይሸልማል።

ከሁሉም ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ግን ትንሹ ነው። ኒው ዮርክ የሚገኘው ቬነር ግረን ፋውንዴሽን ለአንትሮፖሎጂ ጥናት ገንዘብ ይሰጣል። ቀደም ሲል በእሱ ገንዘብ ያጠኑትን ሰዎች «ጥናት ወዳደረጋችሁበት ቦታ ተመለሱ፣ ያገኛችሁትን ለሕዝቡ ንገሩ» ብሎ እስከ 5,000 የአሜሪካ ዶላር ይሰጥ ነበር። በኋላ ድጋፉን በሌላ ተክቶታል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር። በሬን ያንኳኳው ልጅ እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢኖረው ተመልሶ ያንኳኳ ነበር።

በአገራችን

ጥናትን ለሕዝብ ማሳየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየሙ የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። እዚያ የገባ ሕፃን መቶ ገጽ የሚሞላ ጥናት በአንድ ሰዓት ያያል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከጀሞ ለሚነሳ ቤተሰብ ታክሲ እየቀያየሩ መድረስ ቀላል አይደለም።

ሌሎችም አሉ። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማህበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ብዙዎች ኦስሪያ የሚሉት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ አደረገ። የማህበራዊ ጥናት መድረክ በ1998 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ጥናቶችን ለውይይት ሲያቀርብ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 783 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። መቀመጫው ጉለሌ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቤት ነው። የደራሲ ቤት የሳይንስ ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሕጉም አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ማህበረሰቡን እንዲያገለግሉ ይጠይቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም በነፃ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ጥሩ ነው። ግን ክፍት ማድረግና ማድረስ ለየቅል ናቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ 120 ገጽ ኢንተርኔት ላይ ቢቀመጥ ጎረቤቴ ምን ያደርግበታል?

ድርጅቶቹም በነፃነት አልሠሩም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ነበር። በአፈጻጸም መመሪያው ትራንስፖርትና ሥልጠናን የመሳሰሉ ወጪዎች ሳይቀሩ ከአስተዳደር ይቆጠሩ ነበር። ሰው ሰብስቦ ጥናት ማስረዳት የሚፈልግ ድርጅት እጁ ታሰረ። በ2011 ዓ.ም. የመጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም ትርጉሙን አጠበበው። በተግባር ብዙ አቃለለ።

ገንዘቡ ምን ላይ ይወጣል?

በመጀመሪያ ቋንቋ ላይ። አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንደ አማርኛ ትምህርት ክፍል ያሉት ብቻ በአገር ቋንቋ ይጽፋሉ። በከተማው ዳር ደግሞ አማርኛ ብቻውን አይበቃም። ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ አፋን ኦሮሞ የግድ ነው። ትርጉም ስል ቃል በቃል መገልበጥ ማለቴ አይደለም። «የኑሮ መሠረት መናጋት» የሚለውን «ላም ሸጦ ቤት ኪራይ መክፈል» ብሎ ማስረዳት ነው። ይህን የሚችል ሰው ሊከፈለው ይገባል።

ከዚያ መድረክ። የተለመደው መንገድ ሆቴል ነው። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ባነር ያሠራሉ፣ የሻይ ሰዓት አለ፣ ለተሳታፊ አበል ይከፈላል። የሚመጡት ከየቢሮው የተወከሉ ናቸው። መጠይቁን የሞላችው ሴት አትጠራም። እንዲህ ያለው ወርክሾፕ ሪፖርት ላይ ያምራል፣ ገንዘቡ ግን በምሳ ያልቃል። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

እድር ዘንድ ግን ሁሉ ነገር አለ። ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሲኒና ጀበና አለ። የአባላት ዝርዝር የያዘ ጸሐፊ አለ። ስብሰባ የሚቀመጡበት የታወቀ ቀን አለ። ሞንታርቦ መከራየት ብቻ ይቀራል። የካናዳውን ደንብ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቻችን ለእንዲህ ዓይነት ድጋፍ ሲያመለክቱ የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የጸሐፊውን ሰዓት ዋጋ ገምተው ከእድሩ በተጻፈ ደብዳቤ ማቅረብን ሊያስቡበት ይገባል። የከተማው ዳር ገንዘብ የለውም እንጂ የሚያዋጣው ነገር አላጣም።

እድሩ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው የሚመጣው ወርሃዊ መዋጮ ሊከፍል ነው። ሁለት ሰዓት ሌክቸር ቢሰጡት ተነስቶ ይሄዳል። ሀያ ደቂቃ መናገርና አንድ ሰዓት ማዳመጥ ይሻላል። መጠይቁም ሀያ ደቂቃ ነበር ያለን።

ጥንቃቄ የሚሻም አለ። ስለ ካሳ የተናገረ ሰው ንግግሩ ጎረቤት ፊት ሲነበብ ማንነቱ ሊታወቅ ይችላል። ስም መቀየር ብቻ አያድንም። ሦስት ልጅ ያላት፣ ከወንዙ ማዶ የመጣች፣ ጠላ የምትሸጥ ሲባል ሁሉም ያውቃታል። ስለዚህ ከመድረኩ በፊት ከሰዎቹ ጋር አንድ ዙር መነጋገር ያስፈልጋል። ይህም ጊዜና ትራንስፖርት ነው፤ በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ለዚህ ሁሉ ቦታው ፕሮፖዛሉ ነው። ስርጭቱ ከመጀመሪያው የራሱ የበጀት መስመር ከሌለው መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ገንዘብ አይገኝለትም። ደረሰኝና ፕሮፎርማ የማያውቀውን የእድር ወጪም አስቀድሞ ከፋይናንስ ክፍል ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

ትንሽ ሥራም አለ። «ቱሉ ዲምቱ» በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተወለዱ ልጆች አብዛኞቹ ይህን አያውቁም። የቦታ ስም ጥናት የታሪክና የቋንቋ ሰዎች ሥራ ነው። የተሰበሰበውን በሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ አሳጥሮ በየብሎኩ መግቢያ መለጠፍ ይቻላል። ወጪው የወረቀት፣ የሕትመትና የሙጫ ነው። ስሙን ለነገሩን ሽማግሌዎች የሚከፈለውም መጨመር አለበት፤ ግማሽ ቀናቸውን ሰጥተዋልና።