ድሪፍትውድ ምንድን ነው? የአኳሪየም ውኃንስ እንዴት ይለውጣል?

ድሪፍትውድ የሚባለው በወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በባሕር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ለስላሳው ክፍሉም በስብሶ ያለቀና ጠንካራው ግንድ ወይም ሥር ብቻ የቀረው እንጨት ነው። በአኳሪየም ገበያ ግን ስሙ ሰፋ ብሎ ወንዝ ነክቶት የማያውቀውን ሞፓኒ የተባለ የአፍሪካ ዛፍ ግንድና ሌላ ደረቅ ሥርንም ይጨምራል። ለጌጥና ለዓሦች መደበቂያ ተብሎ የሚገባው ይህ እንጨት በውኃው ኬሚስትሪ ላይ ያለው ተጽዕኖ እውነተኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ተጋንኖ ይነገራል፤ «እንጨት ፒኤች ያወርዳል»፣ ማለትም ውኃውን ይበልጥ አሲዳማ ያደርጋል፣ የሚለው ምክር የሚሠራው ውኃው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

እንጨቱ ውኃ በጠጣ ቁጥር በውስጡ የቀሩ የሚሟሙ ውሕዶች ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹ ታኒኖች ናቸው፤ ሻይን የሚያጠቁሩትና ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግሉትም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከታኒኖቹ ጋር ከዕፅዋት መበስበስ የሚገኙት ሂውሚክና ፉልቪክ አሲዶች ይጨመራሉ፤ ውኃው ከቢጫ እስከ ቡናማ የሚቀለመውም በእነዚህ ሁሉ ነው። ሆኖም ሁሉም ደካማ አሲዶች በመሆናቸው ወደ ውኃው የሚለቁት የሃይድሮጅን አዮን (ውኃን አሲዳማ የሚያደርገው ቅንጣት) ጥቂት ነው። ይህ ጥቂት አሲድ ፒኤቹን ማውረድ አለማውረዱን የሚወስነው በውኃው ውስጥ አስቀድሞ ያለው፣ አሲድን የሚያመክነው የባይካርቦኔት መጠን ነው።

የአኳሪየም ሰዎች ይህን መጠን ኬኤች ብለው በዲግሪ ይለኩታል፤ አንድ ዲግሪ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ወደ 17.9 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ከእንጨቱ የወጣው የሃይድሮጅን አዮን ባይካርቦኔትን ሲያገኝ ሁለቱ ተዋሕደው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ፤ ጋዙም ከውኃው ገጽ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ኬኤቹ 6 ወይም 8 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ አሲዱ ገና ከመውጣቱ ስለሚመክን፣ ውኃው እንደ ሻይ ቀልቶም ፒኤቹ ከ7.5 በላይ ሊቆይ ይችላል። የቀለም መጥቆር የአሲድ መለኪያ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው። ኬኤቹ ከ2 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ በተለይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድናትን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) የተጣራ ውኃ ሲሆን ግን የሚመክተው ነገር ስለሌለ ያው እንጨት ፒኤቹን በግልጽ ያወርደዋል። የፒኤች መለኪያ ሎጋሪዝማዊ ስለሆነም ከ7 ወደ 6 መውረድ ማለት የሃይድሮጅን አዮን ክምችቱ አሥር እጥፍ መጨመር ማለት ነው።

የብራዚሉ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጎርፍ ከሚጥለቀለቁ ደኖች በሚሰበስበው ብስባሽ ምክንያት ውኃው ጥቁር ሻይ ይመስላል፤ ፒኤቹም ብዙ ጊዜ ከ5 በታች ነው። ነገር ግን እዚያ ደረጃ ያደረሰው ብስባሹ ብቻ ሳይሆን የሚያልፍበት አሸዋማ አፈር ከማዕድን የተራቆተ በመሆኑ ውኃው ካርቦኔት የሌለው ያህል መሆኑ ነው። ካርዲናል ቴትራን የመሳሰሉ የዚያ አካባቢ ዓሦችን አስመስሎ ለማኖር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ምክንያት ትቶ እንጨት ብቻ ቢከምር የሚያገኘው ቀለሙን ነው።

የራስን እንጨትና የራስን ውኃ ለመፈተን ሁለት ንጹሕ ባልዲዎች ይበቃሉ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የቧንቧ ውኃ ሞልቶ እንጨቱን በአንደኛው ብቻ መጨመርና ከሳምንት በኋላ የሁለቱንም ፒኤችና ኬኤች መለካት ነው። እንጨት የሌለበት ባልዲ ትርፍ አይደለም፤ የቧንቧ ውኃ የያዘው ጋዝ ከአየር ጋር ሲመጣጠን ፒኤቹ ያለ ምንም እንጨት ስለሚለወጥ፣ ልዩነቱን ለማየት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

በቆየ አኳሪየም ውስጥ ፒኤች ሲወርድ ጥፋቱ በእንጨቱ ላይ መላከኩ የተለመደ ነው። በእኔ እይታ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጠው የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ወደ 7 ሚሊ ግራም የሚጠጋ አልካሊኒቲ (አሲድን የማምከን አቅም) ይበላል። ውኃው ሳይቀየር ከቆየ ኬኤቹ እየተሟጠጠ ይሄድና ያን ጊዜ የእንጨቱ ደካማ አሲድም መሰማት ይጀምራል። ፒኤቹ ከ6 በታች ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ስለሚዳከሙ አሞኒያው ይጠራቀማል፤ በዚያ ፒኤች አብዛኛው መርዛማነቱ አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቆይ ዓሦቹን ወዲያው ባይጎዳም፣ ባለቤቱ ደንግጦ ከፍተኛ ፒኤች ባለው ውኃ ግማሹን በአንዴ ቢቀይር ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀየር ከዚህ ይጠብቃል፤ የተበላውን ባይካርቦኔትም ይተካል።

ሂውሚክ አሲዶች መዳብን የመሳሰሉ ብረቶችን አስረው መርዛማነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ቀለሙም በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ከታች ያሉ ዕፅዋት የሚደርሳቸው ብርሃን ይቀንሳል። በአዲስ እንጨት ላይ የሚታየው ነጭ ዝልግልግ ነገር ከእንጨቱ በሚወጣው ስኳር ላይ የበቀለ ሻጋታና ባክቴሪያ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ይጠፋል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕም ይበሉታል። ቀለሙን የማይወድ ሰው እንጨቱን አስቀድሞ ቢቀቅለው ወይም ውኃውን እየለወጠ ለሳምንታት ቢዘፈዝፈው አብዛኛው ታኒን ይወጣለታል፤ የቀረውን በማጣሪያው ውስጥ የሚገባ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባል ልዩ ከሰል ይይዘዋል። ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ እንጨት ጨው ስለሚይዝ፣ ሲጫኑት የሚሟሽሽ እንጨት ደግሞ ውኃ ውስጥ መበስበሱን ስለሚቀጥል ባይገቡ ይሻላል። ውኃው በጣም ከቀላ በቀለም የሚነበበው የፒኤች መመርመሪያም ሊያሳስት ስለሚችል፣ በእንዲህ ዓይነት አኳሪየም ውስጥ በትክክል የተስተካከለ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ መጠቀም ይመረጣል።