«በቤቴ ምን አገባህ?»፦ ስለ ጎረቤት ጩኸት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መሥራት ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል። ከግቢ ወጥተን ፎቅ ስንገባ ግን የግቢውን ኑሮ እንዳለ ይዘነው ነው የወጣነው። ድሮ ጓሮ፣ አፈር ላይ ይወቀጥ የነበረው ቡና ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ሊሾ ላይ ይወቀጣል። ያ ሊሾ ደግሞ የሌላ ሰው ጣሪያ ነው። በዚህ የተነሳ ቡና ሲጠራሩ የነበሩ ሰዎች ደረጃ ላይ ፊት ሲዟዟሩ ማየት ያሳዝናል። ነገሩን የሚያከረው ብዙ ጊዜ ስለ ድምፅ ያለን የተሳሳተ ግምት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከላይ ያለችው ሆን ብላ ነው»

ጎረቤትን ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ይህ ግምት ነው። ድምፅ ወደ ቤታችን የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአየር ነው፤ ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ የልጅ ለቅሶ። ሌላው በሕንፃው አካል ውስጥ የሚሄደው ነው፤ የዘነዘና ምት፣ የጫማ ተረከዝ፣ የሚጎተት ወንበር፣ የሚወድቅ ክዳን። ይሄኛው ኮንክሪቱን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል። ሶሌታውን (ፎቅ ከፎቅ የሚለየውን ኮንክሪት)፣ ኮለኑን፣ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚወቅጠው ሰው ድምፁን እናንተ እንደምትሰሙት አይሰማውም። እሱ ጋ ለስለስ ያለ ምት ነው፤ እናንተ ጋ ጣሪያው የሚደበደብ ይመስላል። ደግሞም ድምፁ የግድ በቀጥታ ከላያችሁ ካለው ቤት አይመጣም። ሰያፍ ካለ ቤት፣ አንዳንዴም ሁለት ፎቅ ዘልሎ ሊመጣ ይችላል። ያላጠፋ ሰው በር አንኳኩቶ መቆጣት ደግሞ በኋላ ይቅርታ ቢጠየቅበት እንኳ ቶሎ አይረሳም።

አንድ ብሎክ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ታች የምትኖር አንዲት እናት ማታ ማታ በውቅጫው ምክንያት ሕፃኗ እየባነነ ተቸገረች። ላይ ያሉት ትልቅ ሴት ሲነገራቸው «ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የምወቅጠው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። «እንግዲያው እማማ፣ አንዴ እኛ ቤት ወርደው ይስሙልኝ» አለቻቸው። ልጃቸው ላይ ቀርታ ወቀጠች፤ እሳቸው ታች ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ሰሙ። ሦስተኛው ምት ላይ «በሞትኩት!» ብለው ብድግ አሉ። በማግስቱ ከሙቀጫው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስና ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑም ተኛ፣ ጉርብትናውም ተመለሰ።

ይህ መላ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ላስቲኩ ምቱ ሶሌታው ላይ ሳይደርስ ያበርደዋል። የወንበርና የጠረጴዛ እግር ላይ ላስቲክ መለጠፍም እንደዚሁ ይሠራል። ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍም እንዲሁ።

«በገዛ ቤቴ ማን ያገባዋል?»

ሕጉ ያገባዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ማወክ እንደሌለበት ይደነግጋል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ እና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማህበር እንዲኖራቸውና በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ አደረገ። የማህበራችሁን ደንብ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ካላነበባችሁት ከጸሐፊው ኮፒ ጠይቁ። ስለ ድምፅ የሚል አንቀጽ ከሌለው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲገባ አንሱት። ማህበሩ ለውሃ ፓምፕና ለዘበኛ ደመወዝ ብቻ የተቋቋመ አይደለም።

«ለቅሶም ይሁን ልደት፣ ጩኸት ያው ጩኸት ነው»

አይደለም። ያው አንቀጽ 1225 የአካባቢው ልማድ ከግምት እንዲገባ ያዛል። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው እያለቀሰ «ዝም በሉ» የሚል ጎረቤት ሕግም ባህልም አያግዘውም። ሠርግም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ቻል ማድረግ ወግ ነው። የልደት ዲጄ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ቤዙን ሲያስጮህ ግን ልማድ አለ ብሎ መከራከር አይቻልም። ድግስ ያለበት ሰው ከሁለት ቀን በፊት በየበሩ ዞሮ ቢነግር፣ ሙዚቃው የሚቆምበትን ሰዓት ቢናገርና «ከበዛባችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ» ቢል ግማሹ ቅሬታ ሳይነሳ ይቀራል። የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ ያልተነገረው እንደተናቀ ይሰማዋል።

«ቀን ቀን እንደልብ ነው፤ ክልክሉ እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው»

በአገራችን የድምፅ መጠን ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ቀን 55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። ማታ የሚጀምረው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ቀኑም ቢሆን ልክ አለው። ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ማታ 55 ነው።

በ55 እና በ45 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ጆሯችን ድምፁን ግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው እንደ ወትሮው ሲያወሩ ወደ 60 ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ተነስታችሁ ምድር ቤት ያለው ግሮሰሪ በር ላይ ያቆመው ሞንታርቦ ስንት እንደሚሆን ገምቱት።

ስለ ሞንታርቦ ካነሳን፣ የግሮሰሪም ይሁን የእምነት ቤት፣ ቀንድ መሳዩ ሞንታርቦ ድምፁን በብዛት የሚልከው ወዳዞሩት አቅጣጫ ነው። «ዝጉት» ከማለት «ወደ መኝታ ቤቶቹ ባይዞር» ማለት ይሻላል። ማንንም አያስቀይምም፣ ለውጡም ወዲያው ይሰማል።

«ጆሮ ይለምዳል»

አእምሯችን ይለምዳል፤ ሰውነት ግን አይለምድም። ሳንነቃ እንኳ ድምፅ ሲመጣ የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል። የተኛን ይመስለናል እንጂ እንቅልፉ አያሳርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የመኝታ ክፍል ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው ለዚህ ነው። ግፊት ያለበት፣ በፈረቃ የሚሠራ፣ አራስ ያለበት ቤት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሲነግራችሁ «ተቅበጠበጠች» አትበሉ።

«የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው»

ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው። የእንቁላል ትሪም ሆነ ቀጭን ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ከጎን ቤት የሚመጣውን ግን አያቆምም፤ በዚያ ላይ ቶሎ እሳት ይይዛል። ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ድፍን መሆን ነው። መጀመሪያ የበሩን ሥር እዩ፤ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት ድምፅም ያስገባል። እዚያ ላይ ላስቲክ ይለጠፍ። ብሎኬቱ ያልተለሰነ ከሆነ ይለሰን፤ ያልተለሰነ ብሎኬት ቀዳዳው ብዙ ነው። የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኖች ጀርባ ለጀርባ የተቀበሩ ከሆነም ወሬ በዚያ በኩል ይገባል። ቤዝ ግን ይሄን ሁሉ ያልፋል። የቤዝ መድኃኒት ስፒከሩ ያለበት ቤት ነው፤ ከግድግዳና ከወለል ለይቶ ላስቲክ ላይ ማስቀመጥና ድምፁን መቀነስ።

«ተከራይ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ?»

ይሄ ፍርሃት በጣም ያሳዝነኛል። ብዙ ተከራይ «አከራዬ ያስወጣኛል» ብሎ ዓመት ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉን ያስመዘገበ ተከራይ እንደ ድሮው በአንድ ቃል ውጣ አይባልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። ካርታ የለህም ብሎ የሚመልሳችሁ ሊኖር አይገባም።

«ዝም ማለት ጨዋነት ነው»

እኔ ከዚህ ጋር አልስማማም። ዝም የሚለው ሰው አይረሳም፤ ያጠራቅማል። ስድስት ወር አጠራቅሞ አንድ ሌሊት በር ሲደበድብ ያኛው ወገን የሚሰማው የመጀመሪያው ቅሬታ ያ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት መናገር ይቀላል። በጩኸቱ ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ሂዱ፤ ንዴትም ሞቅታም ይበርዳል። በስልክ መልእክት ሳይሆን በአካል ሂዱ። «ሁሌ ትረብሻላችሁ» አትበሉ፤ የቱ ድምፅ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። ሰውየው ሊያስተካክል የሚችለው የሚያውቀውን ነው። የብሎክ ግሩፕ ላይ ስም ጠርቶ መለጠፍም አይጠቅምም፤ ሰው ፊት የተዋረደ ሰው ስፒከሩን አይቀንስም።

«ፖሊስና መንግሥት በዚህ አይገቡም»

ይገባሉ፤ ግን ለየጉዳዩ በሩ የተለያየ ነው። ወግ ያለው ጎረቤት ከሆነ የማህበሩ ኮሚቴ ወይም የዕድር ዳኛ ይበቃል። ሌሊት ላይ የሚጮህ፣ የሚሰክር፣ የሚያስፈራራ ካለ ፖሊስ ነው። የሌላውን ሰው ሥራና ዕረፍት ማወክ በወንጀል ሕጉ በደንብ መተላለፍ ያስጠይቃል። ግሮሰሪ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ከሆነ ደግሞ ወረዳው ላይ ላለው ደንብ አስከባሪና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቀርባል።

ለጽሑፉ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ድምፅ፣ ማን አብሮ እንደሰማ። ስልክ ላይ የሚጫን የዴሲቤል መለኪያ ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ትክክለኛውን ልኬት መሥሪያ ቤቱ በራሱ መሣሪያ ይወስዳል። እንደ አዋጅ 300/1995 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታውን ስታስገቡ ቀንና ማህተም ያረፈበት ኮፒ ሳትይዙ አትመለሱ።