«ተፈራረሙ» ሲባል ገንዘቡ መጣ ማለት ነው?

«ሁለቱ አገሮች በልማት ትብብር ዙሪያ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ» የሚል ዜና ሲነበብ ብዙ ሰው ገንዘቡ ባንክ የገባ ይመስለዋል። አልገባም። የመግባቢያ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የፍላጎት መግለጫ ነው፤ በጋብቻ ወግ ብንመስለው ሽማግሌ ተልኮ «እሺ» ተብሏል፣ ቀለበት ግን አልታሰረም። (አንዳንድ ሰነድ በስሙ «መግባቢያ» ሆኖ በይዘቱ የሚያስገድድ ስለሚሆን ከርዕሱ ይልቅ አንቀጾቹን ማየት ይሻላል።)

ገንዘቡ ብድር ከሆነ መጠኑ፣ ወለዱ፣ የእፎይታ ጊዜው (ዋናው ብድር መመለስ ሳይጀመር የሚቆይበት ጊዜ) እና የመክፈያው ዘመን በቁጥር የሚሰፍሩት ቀጥሎ በሚመጣው የብድር ስምምነት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ይህም ቢፈረም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል፤ አዋጁም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ገንዘቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራው በተራመደ ቁጥር በየጊዜው ይለቀቃል እንጂ በአንድ ቀን አይመጣም።