የሕፃናትን ቁስል የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች

ልጅ ይወድቃል፣ ይጫራል፣ ይቃጠላል፤ ቆዳው በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ባክቴሪያ መግቢያ ያገኛል። አብዛኛው ቁስል ታጥቦ ሲሸፈን ይሽራል። ባመረቀዘው ቁስል ላይ ግን ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። ይህን የባክቴሪያ ወገን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከመግል ውስጥ አጥንቶ ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ነበር። ከ10 ሰዎች የ3ቱ ያህል ሳይታመሙ በአፍንጫቸው ይዘውት ስለሚኖሩ፣ ከእናት፣ ከነርስ ወይም ከልጁ ከራሱ ጣት ወደ ቁስሉ መድረስ አይከብደውም። ብጉንጅና ወፍራም ቢጫ መግል የእርሱ ሥራ ናቸው፤ ወደ ደም ከገባ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይሰፍራል። በትኩሳት ላይ አንድ እግሩን መርገጥ እንቢ ያለ ልጅ ያለ አንዳች መዘግየት መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ መግሉ ጥቂት ሆኖ መቅላቱና መሞቁ በፍጥነት ይስፋፋል፤ በእግር ቁስል ምክንያት ብሽሽት ላይ ንፍፊት ሊያወጣ ይችላል። ከቆዳው ሕመም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ የልጁ ፊት ሲያብጥና ሽንቱ ሲጠቁር ኩላሊቱ መጎዳቱን ያመለክታልና፣ ይህ ባክቴሪያ በቀላሉ ሊታይ አይገባም።

በፈላ ውኃ ወይም በእሳት የተቃጠለ ገላ ላይ፣ በተለይ ሕክምናው ሲረዝም፣ ስዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይመጣል። እርጥበት ይወዳል፤ ፋሻውን አረንጓዴ ሊያስመስለው ይችላል፤ ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶችም አይበግሩትም። ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ ልጆች ላይ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር ይጨመራሉ። በድመትና በውሻ ንክሻ የሚገባው ፓስቱሬላ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳብጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ግን ከአፈርና ከፍግ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ ቁስሉ ሳያመረቅዝ እንኳ በመርዙ ሊገድል ይችላል፤ መከላከያው ክትባት ነው።

ሜቲሲሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የማይበግረው ስታፊሎኮከስ እ.ኤ.አ. በ1961 በብሪታንያ ከተዘገበ ወዲህ መድኃኒትን በግምት መምረጥ እየከበደ መጥቷል። ስለዚህ ቁስሉ ከጠና፣ ከተቻለ መድኃኒት ሳይጀመር፣ ናሙና ይወሰዳል፤ ከላይ ከተጠረገ ፈሳሽ ይልቅ ታጥቦ ከጥልቁ የተወሰደው ይታመናል። የካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የቋጠረ መግል መከፈት አለበት፤ ትንሽ ከሆነም በባለሙያ ተከፍቶ መፍሰሱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል።