ምጣዱንስ ያነሳል?

አዳማ ውስጥ ሶላር ስገጥም ዓመታት ተቆጥረዋል። ገመዱን ዘርግቼ፣ ከጣሪያ ወርጄ እጄን ስታጠብ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "ምጣዱንስ ያነሳል?"

አያነሳም። ለእያንዳንዱ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ነው። ምጣዱን ስታበሩ ወደ 390 አምፖል በአንድ ጊዜ አበራችሁ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሳታጠፉ ብትጋግሩ 7 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችሁ የሚቆጥረው መለኪያ) ይሄዳል። አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። በየቤቱ የማየው ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪ ደግሞ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በሰላም የምትጠቀሙት 1.2 ብቻ ነው። ለምጣድ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ። ምጣዱ እስኪግል ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጋጋሪ ታውቃለች። አንድ ሁለት እንጀራ ወጥቶ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ይቀራል።

"ኢንቨርተሩ እኮ 5,000 ዋት ይላል!" ይሉኛል። ይበል። ኢንቨርተር ኃይል አያመርትም። ባትሪው ያጠራቀመውን ቀይሮ ያወጣል እንጂ። ሮቶው ላይ ወፍራም ቧንቧ ስለገጠማችሁ ውሃው አይጨምርም፤ ቶሎ ያልቃል።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያናድደኝ ልንገራችሁ። ቦኩ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት የዕቁብ ብራቸውን አውጥተው ሶላር አስገጠሙ። ሻጩ "ቤቱን በሙሉ ያንቀሳቅሳል" ብሏቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ጋገሩበት። አምስት ወር ሳይሞላ ጠሩኝ። ሄጄ ሳይ ሁለቱም ባትሪዎች አብጠዋል። "ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ። ምንም አላጠፉም። ያጠፋው ስለ ምጣዱ ሳይጠይቅ የሸጠላቸው ሰው ነው። እኔ ባትሪ ቀየርኩላቸው፣ ምጣዱን ወደ ቆጣሪው መለስኩት። ፍሪጁን፣ አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑንና ቬንትሌተሩን ሶላሩ ላይ አደረግኩ። ይኸው እስካሁን ይሠራል።

ብዙ ፓኔልና ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ተደርጎ በሶላር መጋገር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን ብዙ ብር ላለው ሰው ነው። ወጪ ልቀንስ ብሎ ለመጣ ሰው ይህንን መምከር ነውር ነው።

"ሶላር ከገባ የመብራት ቢሉ ዜሮ ይሆናል" የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ምጣዱ ከቆጣሪው ካልወጣ ቢሉ እንዴት ዜሮ ይሆናል? መቀነስ ግን ይቀንሳል። እንዴት እንደሚቀንስ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም የአንዱ ዋጋ ትንሽ ነው። ከዚያ ከ100፣ ከ200፣ ከ300 እያለ ሲያልፍ ዋጋው ይወጣል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ደህና ፍሪጅ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ በወር 30 ነው። በወር 120 የሚጠቀም ቤት ፍሪጁን ወደ ሶላር ቢያዞር 90 ላይ ይወርዳል። እርከን ቀነሰ ማለት ነው። በአዳማ ጸሐይ 1 ኪሎዋት ፓኔል በደህና ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ ለፍሪጅ፣ ለመብራትና ለቴሌቪዥን አያንስም።

ከ50 በታች የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ቢል ለመቀነስ ብላችሁ ሶላር አትግዙ። ሥራዬ ቢሆንም እውነቱን እናገራለሁ። የባትሪው ዋጋ በቢሉ ቅናሽ ቶሎ አይመለስም። መብራት ሲጠፋ ጨለማ ላለመቀመጥ፣ ልጆቹ እንዲያጠኑ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በጀነሬተር የምትሠሩ ባለሱቆች ደግሞ እናንተ አስቡበት። የቤንዚን ወጪ ሲቀር ሶላሩ ራሱን የሚከፍለው እናንተ ጋር ነው።

ሌላው፣ "አዳማ ሙቀት ስለሆነ ሶላር እዚህ ይሻላል" የሚሉኝ አሉ። ፓኔል የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ሙቀት እንዲያውም ይጎዳዋል። የተጻፈበት ዋት የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያጣል። ቆርቆሮ ላይ ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ከደረሰ ከመቶ አሥር በላይ ሄደ። ስለዚህ ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት። ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ንፋስ ይግባበት። ንፋስ እንደሆነ አዳማ ሞልቷል፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫው ያለምክንያት እዚህ አልተተከለም።

"ክረምት ላይ አይሠራም" የሚሉም አሉ። ይሠራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ያንሳል።

"ትንሽ ጥላ ምን ያመጣል?" ብዙ ያመጣል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን ጉልበት ክፉኛ ሊያወርደው ይችላል። በተለይ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይነካው ቦታ ፈልጉ።

"ባትሪው ውሃ ሲያንሰው ከቧንቧ ሙላበት።" በፍጹም! የተጣራ የባትሪ ውሃ ግዙ።

"ዝናብ ያጥበዋል።" በክረምት እውነት ነው። ከጥቅምት በኋላ ግን የአዳማ አቧራ ይለጠፍበታል። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ ጨርቅና በንጹህ ውሃ አጽዱት። በብረት ሽቦ አትፈትጉት። ጠዋት በማለዳ ይሁን፣ መስታወቱ ሳይግል።