ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር በቃል መቀየር ምንድን ነው?

ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር በቃል መቀየር ማለት ትክክለኛውን ማባዣ 1.609344ን ትቶ፣ ለተያዘው ጉዳይ የሚበቃ መልስ በሚሰጥ ቀላል ቁጥር ማስላት ማለት ነው። ይህ ረጅም ማባዣ በልኬት ተገምቶ የተገኘ ሳይሆን የስምምነት ውጤት ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካንና ብሪታንያን ጨምሮ ስድስት አገሮች አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር እንዲሆን ሲወስኑ፣ 1,760 ያርድ የሆነው ማይልም 1,609.344 ሜትር ሆኖ ጸና።

አዳማ ላይ የዚህ ስሌት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በመኪና ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የፍጥነት መለኪያው በትልልቅ ቁጥሮች የሚያሳየው ማይልን ሲሆን፣ ኪሎ ሜትሩ ካለም በውስጠኛው ክብ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጓዘውን ርቀት የሚቆጥረው ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ በማይል ነው። ደላላው «የሄደው 60 ሺህ ብቻ ነው» ሲል ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን 60 ሺህ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ማይል ከሆነ ቁጥሩን ራሱን፣ ግማሹንና አንድ አሥረኛውን ይደምራል፦ 60፣ 30 እና 6 ሲደመሩ 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ትክክለኛው 96,561 ስለሆነ ጉድለቱ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ለመኪና ግዢ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲኬድ ነው። ብዙ ሰው ያንኑ ዘዴ ገልብጦ የኪሎ ሜትሩን ግማሽና አንድ አሥረኛ ይደምራል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በዚህ ስሌት 42.5 ሲደመር 8.5፣ ማለትም 51 ማይል ይመጣል፤ እውነተኛው ግን ወደ 52.8 ይጠጋል። ሁለቱ ዘዴዎች የተመሳሰሉ ቢመስሉም ስሕተታቸው እኩል አይደለም፤ ምክንያቱም 1 ለ1.6 ሲካፈል የሚገኘው 0.6 ሳይሆን 0.625 ነው። ስለዚህ ወደ ማይል ሲመለሱ ለ8 አካፍሎ በ5 ማባዛት ይሻላል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚል ምልክት ያየ አሽከርካሪ 15 ጊዜ 5 ብሎ 75 ማይል ያገኛል፤ ትክክለኛው 74.6 ነው። 80ም በተመሳሳይ መንገድ 50 ይሆናል። ይሁንና ለፍጥነት ወሰን ሸካራው ዘዴ የራሱ ጥቅም አለው፤ 120ን 72 ስለሚያደርገው ስሕተቱ አሽከርካሪውን ከወሰኑ በታች ያቆየዋል። ለቀሪ መንገድና ለነዳጅ ግን ርቀቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ አይመከርም።

ሦስተኛው ዘዴ የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሆነበት ተራ ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89። የአንዱ ቁጥር ከቀዳሚው ጋር ያለው ንጽጽር ወደ 1.618 እየተጠጋ ስለሚሄድና ይህም በአጋጣሚ ከማይሉ ማባዣ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በማይል የተሰጠው ቁጥር በተራው ላይ ካለ የሚቀጥለው ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ነው፤ 34 ማይል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተራው ላይ የሌለ ቁጥር ደግሞ ይከፋፈላል፦ 85 ኪሎ ሜትር 55፣ 21፣ 8 እና 1 ሲሆን፣ ቀዳሚዎቻቸው 34፣ 13 እና 5 ተደምረው 52 ይሆናሉ፣ የቀረችው 1 ኪሎ ሜትርም 0.6 ትጨምራለች። ውበቱ አይካድም፤ እየነዱ የሚሠሩት ስሌት ግን አይደለም። በተራው መጀመሪያ ላይም አይታመንም፤ 2 ማይል 3.2 እንጂ 3 ኪሎ ሜትር አይደለም።

ሯጮች የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብም አለ። ርቀት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ቁጥሩ ያንሳል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ጊዜ ወደ ማይል ሲቀየር ግን ይጨምራል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው አንዱን ማይል የሚጨርሰው በ8 ደቂቃ ገደማ ነው።

በአየርና በባሕር ጉዞ የሚነገረው ማይል ደግሞ ሌላ ነው፤ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ ከላይ ያሉት ዘዴዎች አይሠሩለትም። ለእርሱ ቁጥሩን እጥፍ አድርጎ ከእጥፉ ላይ 7 ወይም 8 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ 100 የባሕር ማይል 185 ኪሎ ሜትር ነው።