የአኒሜሽን ስክሪፕት ምንድን ነው?

በአኒሜሽን ሶፍትዌር ውስጥ በማውስ ደጋግመን የምንሠራውን አሰልቺ ሥራ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጨርሰው የሚያዝ አጭር ኮድ ነው። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር የሚጻፈው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

ደሴ ፒያሳ ላይ 40 ባጃጆች የሚታዩበት ትዕይንት እንውሰድ። አንዱን አኒሜት አድርጋችሁ ኮፒ ስታደርጉት ሁሉም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይቆማሉ። እንዲህ በሰልፍ የሚሄድ ባጃጅ ደሴ ላይ ማን አይቶ ያውቃል? ስለዚህ የእያንዳንዱ ኪፍሬም (ባጃጁ በየትኛው ፍሬም የት እንደሚሆን የሚያመለክት ነጥብ፤ ፍሬም ደግሞ አንድ ነጠላ ምስል ነው) ከ0 እስከ 48 ፍሬም በዘፈቀደ መዘግየት አለበት፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን ይህ እስከ 2 ሰከንድ ማለት ነው። ሦስት ባጃጅ ቢሆን በእጅ መግፋቱ ይፈጥናል። ለ40 ግን ስክሪፕቱ የተመረጡትን አንድ በአንድ እየዞረ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር አውጥቶ ኪፍሬሞቹን በዚያው ልክ ይገፋል። ከአሥር መስመር ብዙም አያልፍም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ቅጂዎቹ አንድ አክሽን (ኪፍሬሞቹ የሚቀመጡበት ስብስብ) ከተጋሩ ያው አክሽን 40 ጊዜ ይገፋል። ባጃጆቹ አሁንም እኩል ይሄዳሉ፣ ያውም 960 ፍሬም ገደማ ዘግይተው። ብሌንደር ሲከፈት የሚሰጠው 250 ፍሬም ብቻ ስለሆነ ጭራሽ የቆሙ ይመስላሉ። በአክሽን ኤዲተር ከአክሽኑ ስም አጠገብ 40 የሚል ቁጥር ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው። ከኦብጀክት ሜኑ ሪሌሽንስ፣ ከዚያ ሜክ ሲንግል ዩዘር ገብታችሁ ኦብጀክት አኒሜሽን የሚለውን በመምረጥ ለየብቻ አድርጓቸው።

ሁለተኛው ችግር የእጀታዎቹ ነገር ነው፤ እጀታ ከኪፍሬሙ ግራና ቀኝ ወጥቶ የእንቅስቃሴውን ኩርባ የሚቀርጽ ነው። ኮዱ የኪፍሬሙን ነጥብ ብቻ ገፍቶ ግራና ቀኝ ያሉትን እጀታዎች ከተዋቸው ኩርባው ይጣመምና እንቅስቃሴው ይዛባል። ሦስቱም አብረው መገፋት አለባቸው።

ኮድ ለማያውቅ ጥሩ መነሻ ስክሪፕቲንግ ትር ውስጥ ያለው ኢንፎ መስኮት ነው፤ በማውስ የምትሠሩትን አብዛኛውን ነገር በፓይተን መስመር ይጽፈዋል። መስመሩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴክስት ኤዲተር ላይ ለጥፉት፣ በአልት ፒ አስነሱት። ከዚያ በፊት ግን ሴቭ። ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ከገባ ብሌንደር ደርቆ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ አስገድዶ መዝጋት ግድ ይሆናል።

ውጤቱ ካላማራችሁ መጀመሪያ በኮንትሮል ዜድ መልሱት፤ እንዲሁ ደግማችሁ ካስነሳችሁት አዲሱ መዘግየት በአሮጌው ላይ ይደመራል።